የእማዬ ክፍል ሽታ

«እናትሽ ትሸታለች» አለኝ ወንድሜ። እናትሽ! አንድ ማህፀን ውስጥ ያልተኛን ይመስል፣ እሱን ሌላ ሴት ወልዳ የጣለችው ይመስል፣ እናትሽ አለኝ። ፀጉር ቤቴ ውስጥ ነበርኩ። በአንድ እጄ የደንበኛዬን ፀጉር ጠቅልዬ ይዣለሁ፣ በሌላው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌያለሁ። ደሜ ፈላ። «ምን አልክ?» ብለው ደገመው፤ እንዲያውም ጨመረበት። «ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷታል። ጠዋት ጠዋት የመታጠቢያ ቤቷ ወለል ርሶ ነው የሚገኘው። ሽታው ደግሞ ቤት አያስገባም። አንድ መላ መፈለግ አለብን።»

መላ የሚለው ነገር ቀድሞ ተፈልጎ ተገኝቷል ለካ። የአረጋውያን ማቆያ። ነርስ አለው አሉ፣ አትክልት አለው አሉ፣ እኩዮቿ አሉ አሉ። «እኔ መስማቴ ምን ይጠቅማል ታዲያ፣ ከጨረስከው?» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ደንበኛዬ በመስታወቱ ውስጥ ፊቴን አይታ «ፀጉሬን ቀስ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ልነቅለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቤቱ አባታችን የሠራው ነው። ወንድሜ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ እማዬ ከምድር ቤት፣ ከኋላ በኩል፣ ሦስት ደረጃ ወረድ ብሎ ያለ ክፍል ውስጥ ናት። የራሷ መታጠቢያ ቤት አላት። አባዬ ካረፈ በኋላ ወንድሜ ቤቱን አዘመንኩት አለ። ግቢውን ሴራሚክ አለበሰው። የፊት በረንዳውን በመስታወት ዘግቶ ሳሎን አደረገው። በግድግዳው ላይ ወደ ጣሪያ የሚወጣውን የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ማስተንፈሻ ቱቦ «ዓይን ይረብሻል» ብሎ አስቆርጦ አስደፈነው። ሳሎኑ ውስጥ ነጭ ሶፋ ዘረጋ። ነጭ! ልጆች ባሉበት ቤት ነጭ ሶፋ የሚገዛ ሰው ጤነኛ ነው ትላላችሁ? ልጆቹ አይቀመጡበትም፣ እማዬ አትቀመጥበትም። የተገዛው ለመሥሪያ ቤቱ አለቆች ነው፤ እነሱም ስንት ጊዜ እንደመጡ እሱ ይንገራችሁ።

በማግስቱ ሥራዬን ጥዬ ሄድኩ። እማዬ መስኮቷ ሥር፣ ወንበሯ ጫፍ ላይ፣ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ ተቀምጣለች። አልጋዋ ላይ ዘፍ ስል ተንኮሻኮሸ። አንሶላውን ገለጥ ባደርገው ፍራሹ በላስቲክ ተጠቅልሏል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለጥንቃቄ ነው» አለችኝ የወንድሜ ሚስት፤ ገብታ አይደለም፣ በር ላይ ቆማ። እጇ ላይ የሚነፋ የቤት ሽቶ ይዛለች። «እሳቸው ምን ያድርጉ፤ እርጅና ነው። ማንም አይፈርድባቸውም።» ማንም አይፈርድባቸውም ትላለች፣ ፈርዳ ጨርሳ! ሽቶውን ወደ ክፍሉ ፊስ ፊስ አድርጋ ሄደች።

ሽታው ግን ነበር፤ አልዋሽም። ከባድ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል። ለአፍታ እኔም ወንድሜ እውነቱን ይሆን እንዴ ብዬ ነበር።

«ፀጉርሽን ልጠብሽ» አልኳት። ሁልጊዜ ስመጣ የማደርገው ነው። አንገቷን ገንዳው ላይ ደገፍ አድርጋ ስጎነበስባት ማጅራቷ ሳሙና ሳሙና ብቻ ይሸታል። እኔ ደግሞ በሥራዬ አፍንጫዬን የሰው ጭንቅላት ላይ ደፍቼ ነው የምውለው፤ ላቡን፣ ቅባቱን፣ ደብቆ ያጨሰውን ሁሉ አውቃለሁ። ከእናቴ ገላ የሚወጣ ምንም መጥፎ ጠረን የለም። እጅጌዋን ሰብሰብ ሳደርግላት ክንዷን አየሁት። ቀልቷል፤ ቦታ ቦታው ላይ ቆዳው ተልጧል።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ሳሙናው ነው።»

«በቀን ስንቴ ነው የምትታጠቢው?»

«ሲሸተኝ ነዋ» አለች።

ውሃ ቀዳሁላት። አልጠማኝም አለች። ከንፈሯ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቆ አልጠማኝም ትላለች! ስጨቀጭቃት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከጠጣሁ ያመልጠኛል። አላስታውሰውም እኮ። የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ጠዋት ስነሳ ወለሉ ርሷል፤ መቼ ተነስቼ፣ መቼ እንዳደረግኩት አላውቅም። አእምሮዬ እየሄደ ነው መሰለኝ ልጄ።»

ፎጣውን ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥሜ መታጠቢያ ቤቷ ገባሁና ወለሉ ላይ በጉልበቴ ተንበርክኬ የውሃ መውረጃውን አሸተትኩት። ወደ ኋላ ገፈተረኝ። ይሄን ሽታ አውቀዋለሁ። ፀጉር ቤቴ ቱቦው በፀጉር የተደፈነ ጊዜ ደንበኛ ያባረረብኝ ሽታ ነው። የሰው ሽንት ሌላ ነው፣ ጉድጓድ ሌላ ነው። ልጅ ያሳደገ ሰው፣ በሽተኛ ያስታመመ ሰው ይሄ እንዴት ይጠፋዋል?

ወንድሜን ከሥራ እስኪመጣ ጠበቅኩትና ገና ከረባቱን ሳይፈታ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ሽታው ከቱቦው ነው። እሷ አይደለችም።»

«ቧንቧ ሠራተኛ አይቶታል» አለኝ። «ቱቦው ምንም አልሆነም።»

«የቱ ቧንቧ ሠራተኛ? ስልኩን ስጠኝ።»

«ጠፍቶብኛል።»

«ጉድጓዱስ? አባዬ በየጊዜው ያስመጥጠው ነበር። አንተ አስመጥጠኸው ታውቃለህ?»

«እሱ አይሞላም፤ ትልቅ ነው።»

አይሞላም! ቤት ሙሉ ሰው እየበላ፣ እየታጠበ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ እየዞረ፣ አይሞላም። «የማይሞላ ጉድጓድ ያንተ ሆድ ብቻ ነው» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ነገሩ ተወስኗል፣ እሁድ እወስዳታለሁ፣ እሷም ተስማምታለች አለኝ። ከዚያ በኋላ ብለፈልፍ፣ ብለፈልፍ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እውነት ተስማምታ ነበር። ስጠይቃት እጆቿን እያየች «ለልጆቹ ብዬ ነው» አለችኝ። «ክፍሌ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ትንሿ በመስኮት ነው እጇን የምታወዛውዝልኝ። እዛ ንጹህ ቦታ ብሆን፣ ይዘዋቸው ይመጡ ይሆናል።» እኔ እንጃ፣ ያን ቀን እንዴት ሰው ሳልደበድብ ቤቴ እንደገባሁ።

የወንድሜን ነገር አውቀዋለሁ። በወሬ አያምንም፤ በዓይኑ ያየውንም ካልተመቸው ይክዳል። ስለዚህ ሊክደው የማይችለው ነገር ያስፈልገኝ ነበር። እሁድ ጠዋት ፀጉር ቤቴ ገብቼ ካሉኝ የፀጉር ቀለሞች በጣም ቀዩን በጥብጬ በጠርሙስ ሞላሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ይሄ ቀለም አንዴ ፎጣ ከነካ ፎጣው አለቀለት፤ በረኪናም አይመልሰው።

ስደርስ እማዬ ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ፣ ሻንጣዋን አልጋው ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች። እያየሁ እንዳላየ አልፌያት ፎቅ ወጣሁ። ወንድሜ ሸሚዙን እየቆለፈ ነው። ሚስቱ ዓይኔን ፈርታ ከወጥ ቤት አልወጣ አለች። «ሽንት ቤት ልጠቀም» አልኩ። «ግቢ ግቢ» አለችኝ ደስ ብሏት፤ ለጠብ የመጣሁ መስሏት ነበር። መጣሁ እንጂ!

ጠርሙሱን እንዳለ ሽንት ቤታቸው ውስጥ ገለበጥኩት። ውሃ ለቀቅኩ። የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ሲሞላ ጠብቄ ደግሜ ለቀቅኩ። የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧም ከፍቼ ተውኩት። ከዚያ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩና የእማዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ወለሉ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ መውረጃው ጉርጉር አለ። የብረት ሽፋኑ ተንቀጠቀጠ። ከሥሩ ውሃ አረፋ እያወጣ ተነሳ፤ ሴራሚኩ ላይም ተዘረጋ። ቀይ ነው። ቀይ!

«እማዬ! ነይ እዪ!»

መጥታ አየችና ደረቷን ያዘች። «ምንድነው? ደም ነው?»

«ቀለም ነው። የኔ የፀጉር ቀለም። አሁን ፎቅ ላይ፣ በልጅሽ ሽንት ቤት ውስጥ የደፋሁት ነው። ገባሽ? እነሱ የሚለቁት ውሃ ነው አንቺ ጋ የሚወጣው። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ተነስቶ ሲታጠብ፣ ወለልሽ የሚርሰው በዚህ ነው።»

ቀዩን ውሃ እያየች ቆየች። «ታዲያ እኔ አይደለሁም?»

«አንቺ አይደለሽም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን እማዬ።»

በሩን ይዛ ቀስ ብላ ቁጭ አለች፤ ደረጃው ላይ። እኔ ደግሞ ጮህኩ። ጎረቤት ሌባ የተያዘ እስኪመስለው ጮህኩ። ወንድሜ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ሮጦ ወረደ፤ ሚስቱ ከኋላው ተከተለች። ወለሉን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እየው» አልኩት። «ካንተ ቤት የመጣ ነው። ጉድጓዱ ሞልቷል። መሄጃ ሲያጣ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይመለሳል፤ ዝቅተኛው ቦታ የእናትህ ወለል ነው። የራስህን ጉድ ነው በእሷ ያሳበብከው!»

ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የእኛ ነው? እኔ እኮ በእጄ ስወለውል...» አለች። እሷስ እውነትም አላወቀችም፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

«የፍሳሽ መጣጭ መኪና አሁኑኑ ይጠራ» አልኩ። «ክዳኑም ይከፈት።»

«ሳሎኑን ማፍረስ አይሆንም» አለ ወንድሜ።

ስለ ሳሎን ያወራ ሰው አልነበረም። እኔ ክዳኑ ግቢው ውስጥ የሆነ ቦታ፣ ከሴራሚኩ ሥር ያለ ነበር የመሰለኝ። ልጅ ሆነን እላዩ ላይ ስንዘል አባዬ ይቆጣን እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ግን የቱ ጋ እንደነበር ግቢው እንዲያ ከተለዋወጠ በኋላ ማን ይለየዋል?

«ማነው ስለ ሳሎን ያወራው?» አልኩት።

አላበው። «በረንዳው ሲዘጋ... መሃሉ ላይ መጣ። ሴራሚክ የሚያነጥፈው ሰውዬ ምን ላድርገው አለኝ። እንግዳ ሊመጣብኝ ነበር። የሽንት ቤት ክዳን ሳሎን መሃል... ሸፍነው አልኩት።»

«ቆይ» አለች ሚስቱ። «ያ ቧንቧ ሠራተኛ ሲመጣ፣ ክዳኑን ክፈቱና አስመጥጡ ብሎህ አልነበር እንዴ? ምን አለህ ስልህ፣ ሌላ ጊዜ ነው፣ አይቸኩልም አልክ...»

«ዝም በይ አንቺ!»

አለቀ። ለካ ያውቃል። ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ነግሮት፣ ችግሩ ምን እንደሆነ አውቆ፣ የት እንደሆነ አውቆ፣ ሴራሚኩ እንዳይሰበር ብሎ እናቱን አእምሮዋን ስታለች ብሎ ሊሸኛት ነው። እሳት ለበስኩ። «አንተ ዓይንህን አታሽም? ሶፋውን ከማነሳ እናቴን ላንሳ አልክ! ያቺ ሴትዮ እኮ ውሃ መጠጣት ትታለች። ቆዳዋ እስኪላጥ ትታጠባለች። ይሄን እያየህ ነው እራት የምትበላው?» ሌላም ብዙ አልኩ፤ ሁሉም እዚህ አይጻፍም። እማዬ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች ናት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፣ የምታስበውን እኔም ላውቅ አልቻልኩም።

መጣጩ መኪና መጣ። ሾፌሩ እሁዱ የተበላሸበት ቁጡ ሰው ነው። ወፍራሙን ቱቦ ትከሻው ላይ አድርጎ ግቢውን ዞሮ ዞሮ «ክዳኑ የታል?» አለ።

«ሶፋው ሥር» አልኩት።

የምቀልድ መስሎት አፈጠጠብኝ። አስገብቼ አሳየሁት። ነጩን ሶፋ፣ የመስታወቱን ጠረጴዛ፣ ምንጣፉን አየ። «ብዙ ጉድ አይቻለሁ» አለ፤ «ሽንት ቤቱ ላይ ሶፋ ዘርግቶ እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው ግን አላየሁም። እኔ መጣጭ ነኝ፤ ማፍረስ ሥራዬ አይደለም። ክፈቱና ጥሩኝ።» ሄዶ መኪናው ጥላ ውስጥ ቁጭ አለ።

ሶፋውን የጎተተችው የወንድሜ ሚስት ናት። ብቻዋን፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እግሩ ሴራሚኩን እየቧጨረ ግድግዳ ጋ አስጠጋችው። እኔ መዶሻውን ከዕቃ ቤት አምጥቼ ወንድሜ እጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። «አንተ ነህ የደፈንከው። አንተው ክፈተው።»

ከመታው በኋላ ያ የሚሳሳለት ሴራሚክ በቀላሉ ነው የተሰበረው። የተተኮሰ ሸሚዙ አቧራ ለበሰ። ሲሚንቶውን ፈልፍሎ የብረቱን እጀታ ሲያገኝ ሾፌሩ መጥቶ በብረት ፈንቅሎ አነሳው። ወዲያው «ወደ ኋላ! ማንም እንዳያጎነብስ! መስኮቱን ክፈቱ፣ ይሄ ጋዝ ሰው ይጥላል!» ብሎ ጮኸ። ጉድጓዱ እስከ እማዬ ወለል ልክ ሞልቷል፤ ላዩ ጠቁሮ ረግቷል። ሽታው ሳሎኑን ሞላው። ሚስቱ አፍንጫዋን ይዛ ውጭ ወጣች። ወንድሜ እንኳ ተንገዳገደ።

ያኔ ነው እማዬ የመጣችው። ግድግዳውን ይዛ በሳሎኑ በር ቆመች። አፍንጫዋን አልያዘችም። ደጋግማ ተነፈሰች፤ ስትመረምረው ታስታውቃለች።

«ይሄ ነው» አለች። «ይሄው ነው። ሌላ አይደለም።» ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ «ገላዬን ጠልቼው ነበር» አለች።

ወንድሜ መዶሻውን ጣለ። መጥቶ ስብርባሪው ላይ በጉልበቱ ተንበረከከ። «እማዬ፣ ይቅር በይኝ።»

እማዬን አውቃታለሁ። ገና ሳይጠይቋት ነው ይቅር የምትለው። እጇ ወደ ጭንቅላቱ መነሳት ሲጀምር አየሁና አፌን ከፈትኩ፤ ተዪው፣ አትንኪው ልላት። ግን እጇ ራሱ መንገድ ላይ ቆመ።

«ቆይ» አለችው። «ቆይ ልጄ፤ መጀመሪያ ልናደድ።»

ሾፌሩ ሞተሩን ሊያስነሳ ሄዶ ነበር፤ ከበሩ ተመልሶ ቆመ።

«በሬ ላይ ቆመህ ነበር የምታናግረኝ» አለች። ድምጿ አልጮኸም፤ ግን እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። «ገብተህ አንድ ቀን አልተቀመጥክም። የልጅ ልጆቼን ከለከልከኝ። እኔ አላደረግኩትም ስልህ፣ አድርገሽ ነው የረሳሽው እማዬ አልከኝ። ሳቅ ብለህ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገህ። ሌሊቱን ተቀምጬ ነው የማድረው፤ ልያዘው ብዬ፣ ሳደርገው ራሴን ልያዝ ብዬ። ተቀምጬ አድሬም፣ ከአልጋዬ ሳልወርድም፣ ጠዋት ወለሉ ይርሳል። እኔ አለመሆኔን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም አላመንኩም። ለምን? አንተ ነህ ያልከኛ። አንተን ከምጠረጥር፣ አእምሮዬን ጠረጠርኩ።»